ሾክ ዌቭ ከከባድ ወደ ቀላል ሲያልፍም ድንበሩ ለምን ይበጠበጣል?

ሞገደኛው | ሰኞ፣ ማታ 4፡10

ሰላም ቤተሰብ። ሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በፍሉድ (የፈሳሽና የጋዝ እንቅስቃሴ) ኮርስ ሬይሊ-ቴይለር የሚባለውን አለመረጋጋት ተምረናል። ከባዱ ፈሳሽ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሲሆን ድንበሩ ላይ ያለች ጉብታ እያደገች ሄዳ ሁለቱ ይገለባበጣሉ። ከባዱ ከታች ከሆነ ግን ሰላም ነው። ዘይትና ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እስከዚህ ችግር የለብኝም።

ከዚያ መጽሐፉ በአንዲት አንቀጽ ሪችማየር-መሽኮቭ የሚባል ሌላ አለመረጋጋት ጠቅሶ ያልፋል። ሾክ ዌቭ፣ ማለትም ከድምፅ ፈጥኖ የሚጓዝ ድንገተኛ የግፊት ሞገድ፣ የሁለት ቁሶችን ድንበር ሲመታ የሚፈጠር ነው ይላል። የሚገርመው ሾኩ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢያልፍም፣ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ቢያልፍም ድንበሩ አይረጋጋም ይላል። ይሄ ነው ያልገባኝ። ከባዱ ቀላሉን ሲገፋ እኮ የተረጋጋ መሆን ነበረበት! መምህራችንን ብጠይቀው “ለፈተና አይመጣም” አለኝ።


ዝምታ ወርቅ ነው | ሰኞ፣ ማታ 4፡22

ለፈተና ካልመጣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ተኛ እንጂ 😂


የቾክ አቧራ | ሰኞ፣ ማታ 5፡01

ልጄ፣ አትተኛ። ጥሩ ቦታ ላይ ነው የቆምከው።

የሁለቱን ልዩነት እኔ ለተማሪዎቼ እንዲህ ነበር የምነግራቸው፦ የመሬት ስበት ጎረቤት ነው፣ ሾክ ግን መንገደኛ ነው። ስበት ሁልጊዜ እዚያው አለ። ከባዱ ከታች ሆኖ ጉብታ ብታበጅበት ስበት ጎትቶ ይመልሳታል፣ እንደገና ብትነሳ እንደገና ይመልሳታል። ያ ነው መረጋጋት የምትለው። ሾክ ግን በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ድንበሩን መትቶ ያልፋል። አንዴ ገፍቶ ከሄደ በኋላ ጉብታዋን የሚያሳድጋትም የሚመልሳትም ጉልበት የለም። በተሰጣት ፍጥነት መንሸራተት ብቻ ነው።

ስለዚህ “ከባዱ ቀላሉን ሲገፋ ይረጋጋል” የሚለው ሕግ የሚሠራው ግፊያው ሳያቋርጥ ሲቀጥል ነው። መንገደኛ ሲሆን አይሠራም። ዕድገቱም ይለያል። በሬይሊ-ቴይለር ጉብታዋ መጀመሪያ ላይ በየእኩል ጊዜው እጥፍ እየሆነች ትሄዳለች፤ እዚህ ግን በጊዜው ልክ በቀጥታ መስመር ነው የምታድገው።


ሞገደኛው | ሰኞ፣ ማታ 5፡15

መምህር፣ እናመሰግናለን። የሚመልሳት እንደሌለ ገባኝ። ግን መጀመሪያውኑ ፍጥነቱን ማን ይሰጣታል? ሾኩ ጠፍጣፋ ነው፣ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እኩል ከገፋ ድንበሩ ቅርጹን እንደያዘ አብሮ መሄድ የለበትም?


ጋዝ ቧንቧ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

እዚህ ልግባ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ከአገር ውጭ አንድ ላብ ውስጥ የሾክ ቧንቧ ላይ ነው የምሠራው። ረጅም ቧንቧ ነው፣ አንድ ጫፉ ላይ የታመቀ ጋዝ በዲያፍራም (በስስ መጋረጃ) ታፍኖ ይቀመጣል፣ ዲያፍራሙ ሲፈነዳ ሾኩ በቧንቧው ውስጥ ይጋልባል።

እኩል የሚገፋው ግፊቱ ነው፣ እኩል የማይሄደው ጋዙ ነው። ባዶ ጋሪና ስሚንቶ የተጫነ ጋሪ ጎን ለጎን አቁመህ በእኩል ጉልበት ብትገፋቸው ባዶው ይቀድማል። አሁን የጉብታውን ዳገት አስበው። ዳገቱ ላይ፣ በአንድ ቁመት፣ ከግራ ቀላል ጋዝ ከቀኝ ከባድ ጋዝ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሾኩ ሁለቱንም በእኩል ግፊት ይመታቸዋል፣ ቀላሉ ይፈተለካል፣ ከባዱ ይዘገያል። አንድ ጎኑ ፈጥኖ አንድ ጎኑ የዘገየ ነገር ምን ይሆናል? ይሽከረከራል። ከጉብታው በዚህኛው ወገን በሰዓት አቅጣጫ ከሆነ በዚያኛው ወገን በተቃራኒው ነው። ሾኩ ሲያልፍ ድንበሩ ላይ የሚተወው ዱካ ይኸው ነው፣ ግራና ቀኝ ተራ በተራ የሚዞሩ ሽክርክሪቶች ሰልፍ። ድንበሩ ፍጹም ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ግፊቱና የእፍግታው (የቁሱ ጥቅጥቅነት) ለውጥ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሆኑ ሽክርክሪት አይወለድም ነበር። ዘንበል ያለ ቦታ ሁሉ ግን ይወልዳል።

ከቀላል ወደ ከባድ ሲሆን ሽክርክሪቶቹ የጉብታውን ጫፍ ወደ ላይ፣ የጎድጓዳውን ታች ወደ ታች ይገፋሉ። ወዲያው ያድጋል።

ከከባድ ወደ ቀላል ሲሆን (ያንተ ጥያቄ) ሽክርክሪቶቹ ሁሉ አቅጣጫቸው ይገለበጣል። ጉብታው ይወርዳል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፣ ድንበሩ ጠፍጣፋ ይሆናል። አሁን “ተረጋጋ” ብለህ ልታጨበጭብ ስትል አይቆምም! ፍሬን የለውማ። ጠፍጣፋውን አልፎ ጉብታ የነበረው ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳ የነበረው ጉብታ ይሆንና በዚያው ማደጉን ይቀጥላል።


የቾክ አቧራ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ከጋሪው የተሻለ ምሳሌ አልመጣልኝም፣ ወስጄዋለሁ። ቀመሩ ደግሞ ይህን ሁሉ በአንድ የመቀነስ ምልክት ነው የሚናገረው፦

የዕድገት ፍጥነት = (2 ፓይ ÷ የሞገድ ርዝመት) × የጉብታው ከፍታ × አትውድ ቁጥር × ድንበሩ በድንገት ያገኘው ፍጥነት

አትውድ ቁጥር ሾኩ ከሚገባበት ቁስ እፍግታ ላይ የመጣበትን ቀንሰህ ለድምራቸው ስታካፍል የምታገኘው ነው። ከቀላል ወደ ከባድ ከሆነ አዎንታዊ፣ ከከባድ ወደ ቀላል ከሆነ አሉታዊ ይሆናል። አሉታዊ ሲሆን ከፍታው እየቀነሰ፣ ዜሮን አልፎ፣ በአሉታዊው በኩል ያድጋል። የጋዝ ቧንቧ መገለባበጥ ይኸው ነው።

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። አየርና ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ እንውሰድ፣ ይህ ጋዝ ከአየር 5 እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ አትውድ ቁጥሩ 0.67 ገደማ ይመጣል። የሞገዱ ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሚሊ ሜትር፣ ድንበሩ ያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 70 ሜትር ይሁን። ሁሉንም ስታባዛ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ታገኛለህ። ማለትም በአንድ ሚሊ ሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር። ከ2 ሚሊ ሜትር ጉብታ ተነስቶ!


ጋዝ ቧንቧ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡31

በትክክል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፣ ሾኩ ሲያልፍ ጉብታውንም ጨፍልቆት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሪችማየር ራሱ ከሾኩ በኋላ ያለውን ከፍታና እፍግታ ተጠቀሙ ነው ያለው። ደግሞ ቀጥታ መስመሩ ለዘላለም አይደለም። ከፍታው ከሞገዱ ርዝመት ጋር መፎካከር ሲጀምር ዕድገቱ ይቀዘቅዛል። ከባዱ ቀጠን ብሎ እንደ ጦር ይገባል፣ ቀላሉ ሰፋ ብሎ እንደ አረፋ ይነሳል፣ የጦሩ ጫፍ በጎንና ጎን ይጠቀለልና እንጉዳይ ይመስላል። በኋላ ሾኩ ከቧንቧው መጨረሻ ግድግዳ ነጥሮ ተመልሶ ሲመታው እንጉዳዩም ይጠፋል፣ ሁሉም ብጥብጥ ይሆናል።


ቶርኖ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20

እኔ ብረት ቀራጭ ነኝ፣ ፊዚክስ አስረኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል 😄 ግን አንድ ልጠይቅ። ይሄ ለጋዝና ለፈሳሽ ብቻ ነው? ብረትም እንዲህ ይሆናል? በፈንጂ ሁለት ብረት ሲበየድ መጋጠሚያው ሞገድ ሞገድ እንደሚሠራ ፎቶ አይቻለሁ።


ጋዝ ቧንቧ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ከማንኛችንም ይበልጣል። የፈንጂ ብየዳው ሞገድ ቤተሰብ ነው እንጂ አንድ አይደለም። እዚያ ሁለቱ ሰሌዳዎች ዘንበል ብለው ስለሚጋጩ መጋጠሚያው ላይ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ነው፣ ነፋስ ሐይቅ ላይ ሞገድ ከሚያነሳበት ጋር ይቀራረባል።

ነገር ግን የኛው ዓይነትም ብረት ላይ አለ፣ ለዚያውም ቶርኖ ማሽን ላይ ነው የሚጀምረው። ብረት ሲቀረጽ ፊቱ ላይ የቢላው ዱካ፣ ደቃቅ ቦይ ቦይ ይቀራል አይደል? ከኋላው ኃይለኛ ሾክ ብታስነሳ ሾኩ ከብረቱ ወደ አየር ወይም ወደ ባዶ ቦታ ይወጣል። ከከባድ ወደ ቀላል መሆኑ ነው። እንግዲህ ምልክቱ ይገለበጣል። ቦዩ፣ ማለትም ጎድጓዳው፣ ወደ ውጭ ተገልብጦ ቀጭን የብረት ጦር ሆኖ ይተፋል። ብረቱ ከቀለጠ ጦሩ ተበጣጥሶ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ካልቀለጠና ጠንካራ ከሆነ ግን ጥንካሬው ራሱ ይይዘዋል፣ ትንሽ አድጎ ይቆማል። ጋዝ ፍሬን የለውም ብዬ ነበር፣ ጠጣር ብረት ፍሬን አለው። ተመራማሪዎች ሆነ ብለው በልክ ቦይ ያስቀርጹና ጦሩ የት እንደቆመ በመለካት ብረቱ በዚያ ግፊት ምን ያህል ጥንካሬ እንደቀረው ያሰላሉ።


ቶርኖ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

እና የኔ መጥፎ ቅርጽ ነው ጦር የሚሆነው በለኛ 😄


ጥሬ ሀቅ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ግን ከቧንቧና ከጋሪ ውጭ ለምን ይጠቅማል? ሪችማየርና መሽኮቭ የሚባሉትስ እነማን ናቸው? ሥራ ፈት ፕሮፌሰሮች?


የቾክ አቧራ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

ሥራ ፈት እንኳ አልነበሩም፣ ሥራቸው ባይወደድም። ሁለቱም ከኑክሌር መሣሪያ ቤት የወጡ ናቸው። ሮበርት ሪችማየር በሎስ አላሞስ የቲዎሪ ክፍልን የመራ አሜሪካዊ ሲሆን ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1960 አሳተመ። እሱ ያሰላው ሾኩ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄድበትን ነበር። የሶቪየቱ የቭጌኒ መሽኮቭ በዝግ ከተማ፣ በዚያን ጊዜ አርዛማስ-16 በሚባለው በዛሬው ሳሮቭ፣ በሾክ ቧንቧ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አወጣው። ልጄ፣ ልብ በል፣ ያንተን ጥያቄ ቀድሞ የመለሰው መሽኮቭ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ድንበሩ እንደማይረጋጋ በፎቶ ያሳየው እሱ ነው። የማይጠያየቁ ሁለት አገሮች፣ አንዱ በወረቀት አንዱ በቧንቧ፣ ስማቸው በአንድ ጭረት ተገናኘ።


ጋዝ ቧንቧ | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡10

መሽኮቭ ሁለቱን ጋዞች ቀድመው እንዳይቀላቀሉ የለየው በናይትሮሴሉሎስ (ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ስስ ሽፋን ነበር። ሾኩ ሲመታው ይቀደዳል ተብሎ። ይቀደዳል፣ ግን ቁርጥራጩ አብሮ ይበራል፣ ዕድገቱንም ይበርዛል። ይሄ ለረጅም ጊዜ የሙከራ ሰዎች ራስ ምታት ነበር። በኋላ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሽፋኑን ጨርሶ ጣሉት። ቀላሉን ጋዝ ከላይ፣ ከባዱን ከታች እያስገቡ መሃል ላይ ባሉ ስንጥቆች እንዲወጡ አደረጉ፣ የተገናኙበት ቦታ ንጹሕ ድንበር ሆነ፣ ቧንቧውን በቀስታ ግራ ቀኝ ሲያወዛውዙ ድንበሩ ላይ ሞገድ ቆመ። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ በሽፋን ነበር የሠራሁት፣ ከሙከራው ይልቅ ቧንቧ ስጠርግ ነው የከረምኩት።

ጥቅሙን ለጠየቅከው፦ ፊውዥን፣ ማለትም ቀላል አቶሞችን አዋህዶ ኃይል ማውጣት። በካሊፎርኒያ ሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ 192 የሌዘር ጨረሮች አሉ። ዒላማቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች እንክብል ናት፣ ልጣጯ አልማዝ፣ ውስጧ የቀዘቀዘ የሃይድሮጅን ነዳጅ። ሌዘሩ የሚፈጥራቸው ሾኮች ልጣጩን አልፈው ወደ ነዳጁ ይገባሉ። ድንበር፣ የእፍግታ ልዩነት፣ ሾክ። ሦስቱም ተሟልተዋል። ልጣጩ ላይ ያለ ጭረት ሁሉ በሾኩ ይዘራል፣ ከዚያ እንክብሏ ወደ ውስጥ ስትጨመቅ ሬይሊ-ቴይለር ያሳድገዋል። የልጣጩ አልማዝ፣ ማለትም ካርቦን፣ ወደ ጋለው ነዳጅ ከገባ ነዳጁ ሙቀቱን በጨረር ያጣና ይቀዘቅዛል፣ እሳቱ አይያዝም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 ግን ያዘ፣ በ2.05 ሜጋ ጁል ሌዘር 3.15 ሜጋ ጁል ወጣ። (ሌዘሩን ለማብራት ከመስመር የተሳበው 300 ሜጋ ጁል ገደማ መሆኑን ሳንረሳ።)

የሚያስቀኝ ነገር፦ እዚያም ሽፋን አለ። እንክብሏ መሃል ላይ እንድትንጠለጠል ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ በሳሳ ፕላስቲክ ትያዝ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሱ የነካበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ አደገ። ከመሽኮቭ እስከ ሊቨርሞር ያስቸገረን የያዝንበት እጅ ነው።


ጥሬ ሀቅ | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡18

ቃሌን አነሳለሁ።


ኮከብ ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ሰማዩንም አትርሱት። እ.ኤ.አ. የካቲት 1987 በትልቁ የማጅላን ደመና (ጎረቤታችን በሆነ ትንሽ ጋላክሲ) ውስጥ የፈነዳው ሱፐርኖቫ 1987ኤ። ኮከቡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ ውጭ ሃይድሮጅን፣ ቀጥሎ ሂሊየም፣ እያለ ወደ ከባዱ። ፍንዳታው መሃል ላይ ራዲዮአክቲቭ ኒኬል ይፈጥራል፣ እሱ ወደ ኮባልት፣ ኮባልቱ ወደ ብረት ይለወጣል። ልጣጩ በሥርዓቱ ቢቆይ ኖሮ የኮባልቱ ኤክስሬይ ወፍራሙን ሃይድሮጅን ሰንጥቆ እስኪወጣ ዓመት ገደማ ይጠበቅ ነበር። በነሐሴ አካባቢ፣ በስድስት ወሩ፣ የጃፓኑ ጊንጋ ሳተላይትና በሶቪየቱ የጠፈር ጣቢያ ሚር ላይ የነበረው ክቫንት አዩት። ከውስጥ ያለው ወደ ውጭ ተቀላቅሎ ነበር ማለት ነው። ሪችማየር-መሽኮቭ ኮከቡን ገለበጠው።


ጋዝ ቧንቧ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡25

ምሳሌው ግሩም ነው፣ ድምዳሜው ላይ ግን ትንሽ ልከራከር። ሾኩ የሂሊየምና የሃይድሮጅን ድንበርን ሲያልፍ ዘሩን የዘራው ሪችማየር-መሽኮቭ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሾኩ በውጭኛው ሃይድሮጅን ውስጥ እየተጎተተ ይዘገያል፣ ከኋላ የሚመጣውን ከባዱን ቁስ ቀላሉ ለሰዓታት እየገፋ ይገታዋል። ያ ሬይሊ-ቴይለር ነው፣ ትልቁን መቀላቀል የሠራውም እሱ ነው። መንገደኛው ዘርቶ ሄደ፣ ጎረቤቱ አሳደገው፣ በመምህር ቋንቋ።


ኮከብ ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡40

ተቀብያለሁ።


ሞገደኛው | ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገብቶኛል፣ ግን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም የሚል ጠባይ አለብኝ። ሾክ ቧንቧ የለኝም። ቤት ውስጥ የሚሠራ የለም?


ጋዝ ቧንቧ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

አለ! ሾክ ባይሆንም ድንገተኛ ግፊያ ከሆነ ፊዚክሱ አንድ ነው። የአሪዞናዎቹ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለት ፈሳሽ የያዘ ጋን በሐዲድ ላይ አንጠልጥለው፣ አወዛውዘው ድንበሩ ላይ ሞገድ አቁመው፣ ከዚያ ለቀቁትና ስፕሪንግ ላይ ጣሉት። ጋኑ ነጥሮ ሲነሳ ያ ግጭት ሾኩን ይተካል። ብልሃቱ ከነጠረ በኋላ ነው። አየር ላይ ሳለ በነፃ እየወደቀ ስለሆነ ውስጡ ስበት የሌለ ያህል ነው። ጎረቤቱ ቤት የለም ማለት ነው፣ ድንበሩን የሚያስታርቅ የለም።

ከባዱ ከታች ስለሆነና ግፊያው ወደ ላይ ስለሆነ፣ ከከባድ ወደ ቀላል ነው። ያንተው ጥያቄ።


ሞገደኛው | ዓርብ፣ ማታ 1፡50

ሪፖርት ቁጥር 1፦ ከሽፏል። ሃይላንድ ውስጥ ውሃና ዘይት አድርጌ የፍራሽ ስፖንጅ ላይ ጣልኩት። ጧ ብሎ ቀረ። ታናሽ ወንድሜ እስካሁን እየሳቀብኝ ነው።


የቾክ አቧራ | ዓርብ፣ ማታ 2፡20

ሦስት ስህተት። ስፖንጅ ይውጣል እንጂ አያነጥርም፣ ካልነጠረ ስበት ወዲያው ይመለሳል። ውሃና ዘይት እፍግታቸው ተቀራራቢ ነው፣ አትውድ ቁጥሩ 0.04 ብቻ ነው። ክብ ጠርሙስ ደግሞ እንደ ሌንስ ያዛባል። ከታች ጨው በደንብ የሟሟበት ውሃ በቀይ የምግብ ቀለም፣ ከላይ ከፋርማሲ 70% አልኮል አድርግ፣ 0.14 አካባቢ ይሰጥሃል። አልኮሉን ማንኪያ ጀርባ ላይ እያንጠባጠብክ አፍስስ። ከእሳት ራቅ። ለማንጠሪያው ጎሚስታ ቤት ሄደህ አሮጌ ከመነዳሪ ለምን፣ ነፍተህ ጣውላ ጣልበት።


ሞገደኛው | እሑድ፣ ማታ 3፡35

ሪፖርት ቁጥር 2። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ለማካሮኒ የሚሸጠውን ባለ አራት ማዕዘን ግልጽ ዕቃ ተጠቀምኩ። ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ግራና ቀኙን በተወጠረ ገመድ ላይ አስገባሁት። ከ1 ሜትር ከፍታ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ በሰከንድ 240 ፍሬም ቀረጸ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ጠማማ ነጠሩ፣ አንዱ ተከፍቶ ግቢው አልኮል አልኮል ሸተተ፣ እናቴ የተናገረችውን አልጽፈውም። አምስተኛው ቀጥ ብሎ ነጠረ።

አየር ላይ የቆየው ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ 97 ፍሬም ቆጠርኩ። ከመንጠሩ በፊት ቀዩ ድንበር ላይ መሃል አንድ ጉብታ ነበር፣ ግራና ቀኝ ጎድጎድ ያለ። ከመነዳሪውን ሲነካ ጉብታው መውረድ ጀመረ። ከዚያ ጥቂት ፍሬሞች ላይ ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ጠፍጣፋ ሆነ። እዚያ ላይ ቪዲዮውን አቁሜ ለወንድሜ “አሁን የሚቆም ይመስልሃል?” አልኩት። “አዎ” አለ። ለቀቅኩት። አልቆመም። ጉብታ የነበረበት ቦታ ጎደጎደ፣ ግራና ቀኝ ጎድጓዳ ከነበሩት ቦታዎች ሁለት ቀይ አምዶች ተነሱ፣ መጨረሻዎቹ ፍሬሞች ላይ የግራው ጫፍ በሁለት በኩል መጠቅለል ጀምሯል። የቀኙ ግድግዳ ነክቶ ተበላሽቷል።


ቶርኖ | እሑድ፣ ማታ 3፡50

ቪዲዮውን ልቀቀው እንጂ!


ጋዝ ቧንቧ | እሑድ፣ ማታ 3፡58

የነካበትን ፍሬም ቁጥር ጠፍጣፋ ከሆነበት ፍሬም ቁጥር ቀንስና ላክልኝ፣ የመነሻውን ከፍታም በሚሊ ሜትር። ከመምህር ቀመር ጋር እናስተያየዋለን። አምዶቹ ሲረዝሙ ቀመሩ እንደሚበልጥብህ ግን ከአሁኑ ልንገርህ።


ሞገደኛው | እሑድ፣ ማታ 4፡06

እሺ። ማስመሪያ ከጀርባው ለጥፌ ነገ እደግመዋለሁ፣ ጨው አልቆብኛል።